ፋይል ሎኩ ለምን በራሱ ይለቅ እንደነበር አገኘሁት

ደብረ ብርሃን ለአንድ የእህል መጋዘን የሰራሁት ፕሮግራም ሶስት ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር፣ አሁን ስለተፈታ ሌላ ሰው እንዳይለፋ ልጻፈው ብዬ ነው። ሁለት ሚዛን አለ፣ የየራሳቸው ፕሮሰስ (እየሰራ ያለ ፕሮግራም) አላቸው፣ ሁለቱም የሚጽፉት ግን አንድ ፋይል ላይ ነው። አልፎ አልፎ «ገብስ 48 ኪ» ይልና ቃሉ ሳያልቅ የሌላው ሚዛን ስንዴ መሃሉ ይገባበታል። የገበሬ ሂሳብ ነውኮ፣ እንዲህ ሆኖ አይተውም።

ሎክ ደግሞ አድርጌያለሁ፣ አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ ፋይሉን ቆልፌ ማለት ነው፣ በኤፍሲንትል ፈንክሽን፣ ኤፍ ሴትኤልኬደብሊው (ሎኩ እስኪገኝ ጠብቅ የሚለው ትዕዛዝ) ብዬ። ሊኑክስ የተያዙትን ሎኮች የሚዘረዝርበትን፣ ፕሮክ ፎልደር ውስጥ ሎክስ የሚለውን ፋይል እየደጋገምኩ ሳየው ግን ሎኩ ይታይና እኔ ሳልለቀው ይጠፋል። ለካ የፋይሉን መጠን የምታይ ትንሽ ፈንክሽን ነበረችኝ፣ ያንኑ ፋይል ኦፕን አድርጋ ክሎዝ ታደርገዋለች። የፖዚክስ ሎክ (በኤፍ ሴትኤልኬደብሊው የሚያዘው) የሚያዘው በፕሮሰሱ ስም ስለሆነ ፕሮሰሱ የዛን ፋይል የትኛውንም ዲስክሪፕተር (ፋይል ሲከፈት የሚሰጥ ቁጥር) ሲዘጋ ሎኩ ሁሉ ይለቃል፣ በሌላ ዲስክሪፕተር የያዛችሁትም ጭምር! በጣም ክፉ ህግ ነው።

በኤፍ ኦኤፍዲ ሴትኤልኬደብሊው ቀየርኩት፣ የሱ ሎክ የሚያዘው በፕሮሰሱ ሳይሆን ፋይሉ በተከፈተበት በአንዱ ኦፕን ስም ነው፣ ሊኑክስ ላይ ከ3.15 ጀምሮ አለ። ትዕዛዙ እንዲታወቅ ጂኤንዩ ሶርስ የሚለውን ስም ኮዱ ላይ ከኢንክሉዶቹ በላይ ዲፋይን አድርጉ፣ ለኤፍሲንትል በሚሰጠው የሎክ መረጃ ውስጥ ያለውን ኤል ፒአይዲ (የፕሮሰስ ቁጥር) ደግሞ 0 አድርጉት አለበለዚያ ኢኢንቫል (የተሰጠው ነገር ልክ አይደለም የሚል ስህተት) ይመልሳል። ፎርክ ካለ (ፕሮሰሱ ሌላ ልጅ ፕሮሰስ የሚፈጥር ከሆነ) ልጁ ፕሮሰስ ፋይሉን ራሱ ኦፕን ያድርግ፣ የወረሰውን ከተጠቀመ ሎኩን ከአባቱ ጋር ስለሚጋራ አንዱ ሌላውን አያስጠብቅም። አሁን ሎክስ ፋይሉ ላይ የሎኩ ዓይነት ኦኤፍዲኤልሲኬ ይላል፣ ፒአይዲው -1 ነው፣ አትደንግጡ። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንድም የተቀላቀለ መስመር የለም።