አላይመንት አልይዝ ያለኝ በጎሚኒ ነበር

ቪትዜ በአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ መሪውን ላላ ሳደርገው ወደ ቀኝ ትስባለች። የቀኝ የፊት ጎማዋ በውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ሊወጣ ምንም አልቀረው። ሁለቴ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አሠራሁ። በሳምንቱ ያው ናት።

በመጨረሻ አዳማ ያለው መካኒኬ በክሪክ አንስቷት የታችኛውን ብራቾ፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘውን የብረት ክንድ፣ በረጅም ብረት ነቅነቅ አደረገው። የኋለኛው ጎሚኒ፣ ብራቾው ከመኪናዋ አካል ጋር የሚታሰርበት ላስቲክ፣ ተሰንጥቆ ከብረቱ ተላቋል! ፍሬን ስይዝ ብራቾው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የጎማው አቅጣጫም አብሮት ይዞራል። እንዲህ ሆኖ አላይመንት ከየት ይያዝ?

አንድ ሻጭ «ሙሉ ብራቾ ካልቀየርክ» ብሎ ድርቅ አለ። ብራቾው አልተጣመመም፣ ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ቴስቲናም አልላላም። ጎሚኒ ብቻ ገዛሁ፣ ለሁለቱም ጎን። ዋጋው ከብራቾው ጋር አይወዳደርም። አሮጌውን ይዤ ሄጄ ስፋቱንና የቀዳዳውን ልክ ከአዲሱ ጋር አስተያየሁ። ፖሊዩሬታን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራውን ጎሚኒ ተውኩት፤ ደረቅ ስለሆነ ኮብልስቶን ላይ ያንገጫግጫል።

በመዶሻ ሳይሆን በፕሬስ አስገባነው። ቡሎኑን ግን መጨረሻ ያጠበቅነው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ከዚያ ሦስተኛ አላይመንት። ይኸው ሁለት ወር፣ መሪው ቀጥ ብሏል። የተበላውን ጎማ ግን መቀየሬ አልቀረም።