«እመኑ» ማለት የአወያይ ሥራ አይደለም፦ ስለ ፖለቲካ ክፍፍልና ስለ አገራዊ ተቋማት ስናወያይ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ፖለቲካ ክፍፍልና በአገራዊ ተቋማት ላይ ስላለው እምነት መመናመን በሚዘጋጁ መድረኮች ላይ አወያይ ሆኜ እሠራለሁ። አዳዲስ አወያዮች አብዛኛውን ጊዜ በጎ ሐሳብ ይዘው ይመጣሉ፤ ነገር ግን የተሰጣቸው ኃላፊነት ተሳታፊውን በተቋማት እንዲያምን ማሳመን ይመስላቸዋል። የአወያይ ድርሻ ተሳታፊው ለማመንም ሆነ ለመጠራጠር የሚያበቃውን ማስረጃ ከየት እንደሚያገኝ ማሳየት ነው።

ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ስህተት ተቋምን ከመሪው ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። በ2011 ዓ.ም. ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ፣ መዓዛ አሸናፊ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ ዳንኤል በቀለ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው ሲሾሙ፣ ሹመቱን የወደዱት «ተቋማቱ ነጻ ወጡ» ሲሉ ያልወደዱት ደግሞ «የእነ እገሌ ሆኑ» አሉ። ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1133/2011 ቦርዱን እንደገና ሲያቋቁም የአባላቱን ቁጥር አምስት አድርጎ፣ እጩዎች በኮሚቴ አማካይነት እንዲመለመሉና በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲሾሙ ደንግጓል። ስለ ሰብሳቢዋ የእስር ዘመንና የስደት ታሪክ በዝርዝር የሚተርክ ተሳታፊ በየመድረኩ ሞልቷል፤ የቦርዱ አባላት እንዴት እንደሚመለመሉ ሲጠየቅ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። መዓዛና ብርቱካን በ2015 ዓ.ም. በየተራ ሲለቁ፣ የዳንኤልም የአምስት ዓመት የሥራ ዘመን በ2016 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ በስማቸው ላይ የተንጠለጠለው እምነት አብሯቸው ወጣ። ስለዚህ የመሪውን ማንነት ለሻይ ሰዓት ተዉትና እነዚህን ጠይቁ፦ ማን ይጠቁማል? ማን ይሾማል? በምን ምክንያት ይሻራል? በጀቱን የሚያጸድቀው ማን ነው? ተጠሪነቱስ ለማን ነው? «ለምክር ቤቱ» የሚል መልስ ሲመጣ፣ «ምክር ቤቱ ከሞላ ጎደል በአንድ ፓርቲ አባላት ሲያዝ ተጠሪነቱ ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚሞግት ሰው ከተነሣ በአክብሮት ጊዜ ስጡት፤ ቀኑን ሙሉ ስትፈልጉት የቆያችሁትን ጥያቄ አምጥቶላችኋልና።

ዝምታን እንደ እምነት መቁጠር ሁለተኛው ነው። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት መቀመጫዎች ያዙ፤ አገሩም ጸጥ ያለ ይመስል ነበር። ኅዳር 2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ግን ዓመት ሳይሞላው ወደ አማራ ክልል ደርሶ፣ መስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ መታወጅ አደረሰ። ተቃውሞ ያልተሰማበትን ወረዳ «መተማመን የሰፈነበት» ብሎ በሪፖርት የሚያሰፍር አወያይ ይህን ታሪክ ደግሞ ቢያነብ መልካም ነው።

የሌላ አገር ምሳሌ እንደ ወረደ ማምጣትም ብዙ ያሳስታል። የአሜሪካንን ጠቅላይ ፍርድ ቤት እየጠቀሰ «ሕገ መንግሥታዊ ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት ይፈታዋል» የሚል ሠልጣኝ በየጊዜው አጋጥሞኛል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 መሠረት የመተርጎም ሥልጣን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤም መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ከማቅረብ አያልፍም። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ቀርቦ ጉባኤው የባለሙያዎችን አስተያየት በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍ መድረክ ሰማ፤ በእኔ ግምት እንዲህ ያለ ግልጽነት በአገራችን ብዙም አልታየም። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን የፖለቲካ አካል የሆነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለነበር የትግራይ ክልል አመራር ውሳኔውን አልተቀበለም፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የራሱን ምርጫ አካሄደ፣ ሁለት ወር ሳይሞላም ጦርነት ተጀመረ። ለጦርነቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት። ሆኖም «ሂደቱ ግልጽ ከሆነ ሰው ይቀበለዋል» የሚለውን የሥልጠና መጽሐፍ ዐረፍተ ነገር ይህን ጉዳይ ሳታነሡ አትናገሩት፤ ወሳኙን አካል እንደ ገለልተኛ ዳኛ የማያየው ወገን የሂደቱ ግልጽነት ብቻውን አያረካውም።

የሕዝብ ቁጥርን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የመጨረሻው የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው፣ አራተኛውም በተደጋጋሚ ተራዝሟል። የ1999ኙን የብሔር ወይም የሃይማኖት ድርሻ የዛሬ አድርጎ በመድረክ መጥቀስ ክርክሩን ሆን ብሎ ማቀጣጠል ነው።

ሐሰተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ «ውሸት ነው» ብሎ መዝጋት አይገባም። በአንድ መድረክ ላይ አንድ ወጣት በቴሌግራም የደረሰውን፣ ዓርማና ክብ ማህተም ያለበትን ደብዳቤ በስልኩ አሳየ፤ አብሮኝ ያወያይ የነበረው ጀማሪ ወዲያውኑ «ይህ ፈጠራ ነው» አለውና ግማሹ ታዳሚ አወያዩን የመንግሥት ሰው አድርጎ ቆጠረው። እኔ ወጣቱን ስክሪኑን አስፍቶ ከላይ ወደ ታች እንዲያነብልን ጠየቅሁት። ቀኑ የቅርብ ነበር፤ በራስጌው ላይ የታተመው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ስም ግን የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ በ2014 ዓ.ም. ሲወጣ ተቀይሮ የቀረው የቀድሞ ስም ነበር። ልጁ ራሱ ሳቀና ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የፈራሚውን ኃላፊነትና ግልባጩን በየተራ ማስነበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ አንዳንዴም ደብዳቤው እውነተኛ ሆኖ ይገኛል፣ ያን ጊዜ የሚያፍረው ቸኩሎ የፈረደው አወያይ ነው።

ለእያንዳንዱ ቁስል አዲስ ኮሚሽን መጠቆምም ልማድ ሆኗል። በ2011 ዓ.ም. የእርቀ ሰላም ኮሚሽን እንዲሁም የአስተዳደር ወሰንና የማንነት ጉዳዮች ኮሚሽን ተቋቋሙ፤ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 አገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተከተለ። የቀደሙት ሁለቱ ምን ሠሩ፣ የሰበሰቡት ሰነድስ የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ተሳታፊ «አፍራሽ» አይባልም፤ ይህን ሳይመልሱ ሦስተኛውን እመኑ ማለት የሚከብደው ለጠያቂው ሳይሆን ለመላሹ ነው።

የወረዳው ባለሥልጣን ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ሳለ «ተቋሙን የምታምኑ እጃችሁን አውጡ» አትበሉ። ወረቀት አድሉ፤ ስም አታስጽፉ፣ የእጅ ጽሕፈት እንዳይለይም ምልክት ብቻ ያድርጉ፤ የተሰበሰበውንም ወረቀት ተሳታፊዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሁለት ሰዎች በሁሉም ፊት ይቁጠሩት።