ቅብ ሸክላ ያለበትን አሮጌ ግድግዳ ማደስ

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። አዳማ ውስጥ የድሮ ቤት ሲታደስ ግን በበሩ ግራና ቀኝ ወይም በረንዳው ላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ አበባ የተሳለበትና ፊቱ መስታወት በሚመስል የሚያብረቀርቅ ቅብ የተሸፈነ ሸክላ ያጋጥማል። እሱን እንደ ዘመኑ ሴራሚክ አትያዙት።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ ለዩ። የተሰበረ ጠርዝ ላይ የውሃ ጠብታ አሳርፉ። ወዲያው ከጠጣው ሸክላ ነው፤ ቅቡም እንደ ቆዳ ስስ ሆኖ ከላይ ይታያል። ጠብታው ቁጭ ካለ ፖርስሊን ነው። ቀለሙ ሚሊሜትሮች ጠልቆ ፊቱ ካላበራ ደግሞ የስሚንቶ ንጣፍ ነው።

ቀጥሎ በጣት አንጓ እያንኳኳችሁ ባዶ ድምፅ የሚሰጡትን ወረቀት ላይ ንደፉ። ድምፃቸው ድፍን የሆኑትን በፍጹም አትንኩ። ቅቡ ላይ ያለው የፀጉር ስንጥቅም ጉዳት አይደለም፤ ለእኔ እንዲያውም ውበቱ ነው።

ትልቁ ጠላት ጨው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ግድግዳው ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይታያል። ሸክላው የጠጣው ውሃ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ከቅቡ ሥር ይጠጥርና ቅቡን ገፍቶ ያስለቅቀዋል። ዱቄቱን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት፤ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ የውሃውን መምጫ ፈልጉ፦ የተቀደደ አሸንዳ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ግድግዳው ሥር የሚጠጣ የአበባ መደብ። ይህ ሳይዘጋ የሚሠራ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ለእድፉ እርጥብ ጨርቅና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። አቼቶ፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ በረኪና፣ የሽቦ ብሩሽ አይቅረቡት።

የላላውን ስታወጡ ፎቶ አንሱ፣ ጀርባውን ቁጥር ስጡት፣ መጋጠሚያውን በቀጭን የብረት መጋዝ ስለት በእጅ ክፈቱ። ግራይንደር ብናኝ ስለሚያስነሳ አይሆንም፤ በአሮጌ ቅብ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት መኖሩ የተለመደ ነው። እያረጠባችሁ ሥሩ፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ልጆችን አርቁ።

ያወጣሁትን ሸክላ መልሼ በኖራ ስለጥፍ አንዲት አዛውንት ደንበኛዬ «ምነው ልጄ፣ ስሚንቶ እያለ በኖራ ትለፋለህ?» አሉኝ። ስሚንቶ ከሸክላው ይጠነክራል፣ እርጥበት ያፍናል፣ የራሱንም ጨው ያመጣል፤ ነገ አንዱን ላውጣ ብትሉ የሚሰበረው ሸክላው ነው። «እማማ፣ ኖራ ይለቃል፤ የምወደውም ለዚያ ነው» አልኳቸው።

በውሃ ተዘፍዝፎ የከረመ ኖራ አንድ እጅ፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ሦስት እጅ። የሸክላውን ጀርባና ግድግዳውን አርጥባችሁ ለጥፉ። የአዳማ ነፋስ ተርባይን የሚያዞር ነው፤ ቶሎ የደረቀ ኖራ ይፈረፈራል። ስለዚህ ከፊቱ እርጥብ ጆንያ ስቀሉና ለሳምንት ያህል ጠዋት ማታ ውሃ እርጩበት።

የጎደለውን በአዲስ ለመተካት መጠኑን ለኩ፤ ብዙዎቹ የድሮ ሸክላዎች 6 ኢንች፣ ማለትም 15.2 ሳንቲም ናቸው፤ የዛሬው 15 ሳንቲም ክፍተት ይተዋል። እኔ ከማይታይ ጥግ አንስቼ ፊት ለፊት እተካለሁ፤ ጥጉን በኖራ ልስን እሞላዋለሁ።