ጀማሪ የሥነ ምህዳር ባለሙያ መስክ ላይ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች የመመረቂያ ጥናታቸውን ለመሥራት ወደ ባሌ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ውስጥ ወዳለው ጓሳ ይወጣሉ። ጎበዞች ናቸው። ስታቲስቲክሱንም ሶፍትዌሩንም ከእኛ ዘመን ሰው በተሻለ ያውቁታል። ችግሩ ዳታ የሚበላሸው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን መስክ ላይ መሆኑ ነው። እዚያ የተበላሸውን አዲስ አበባ ተመልሶ የሚያቃና ቀመር የለም። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳላችሁ።

ሰዓትና ቀን ማደባለቅ

ቀላል ስለሚመስል ማንም አያስተምረውም። የፓርኩ ስካውት (ጥበቃ ሠራተኛ) ቀይ ቀበሮ ያየው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው። የእናንተ ጂፒኤስ 7:30 ይላል። ካሜራው በግሪንዊች ሰዓት ከተሞላ ደግሞ 4:30 ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው። አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ያለ ምልክት ሲገቡ ግን ቀበሮዋ በሌሊት የምታድን አውሬ ትሆናለች። ቀይ ቀበሮ በቀን ነው የምታድነው፤ የምትበላቸው አይጦችና ፍልፈሎች ከጉድጓድ ብቅ የሚሉት በቀን ስለሆነ።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ስካውቱ 5/3/2012 ብሎ ከጻፈ ኅዳር 5 ማለቱ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 15 ቀን 2019። ኮምፒውተሩ ይህን አያውቅም። ስካውቱን በፈረንጅ ሰዓት ጻፍ ብሎ ማስጨነቅም መፍትሔ አይደለም፤ እሱ በለመደው ይጻፍ። ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ አዘጋጁና ማታ ካምፕ ስትገቡ እናንተ ለውጡት። ነገ እለውጠዋለሁ ያላችሁት ቀን ሁሉ ይረሳል።

የድሮዎቹ 1:50,000 ካርታዎቻችንም አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ) የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤሱ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ ዳተም ነው። ሳትቀይሩ ብትደራርቧቸው ነጥባችሁ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ሰሜን ተራሮች ላይ ይህ ማለት አምባው ላይ የቆመችውን ዋልያ ገደሉ ውስጥ አየር ላይ ማቆም ነው።

"አላየሁም"ን "የለም" ብሎ መጻፍ

ባሌ ውስጥ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በማለዳ ለጉድ ይታያል። ፀሐይ ከበረታች በኋላ ግን ብዙው ወደ ዛፉ ጥላ ይገባል። በአምስት ሰዓት የደረሰ ተማሪ ጥቂት ቆጥሮ "ቁጥሩ ቀንሷል" ብሎ ይጽፋል። የቀነሰው እንስሳው አይደለም፤ እሱ ተኝቶ አርፍዶ ነው። መቼ እንደቆጠራችሁ፣ ጉም ነበር አልነበረም፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፣ ስንት ሰው ነበር፣ ሁሉም ይመዝገብ። ምንም ያልታየበት ቀንም ዳታ ነው፤ ዜሮ ብላችሁ ጻፉት እንጂ ገጹን አትዝለሉት።

የመንገድ ዳር ቆጠራም የዚሁ ዘመድ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ ሰነቴ አምባን አቋርጦ ያልፋል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የመኪና ኪራዩም አይቀመስም። ስለዚህ ሰው ከመኪናው ብዙ መራቅ አይፈልግም። ይገባኛል። ነገር ግን ከመንገድ ዳር የተገኘ ቁጥር የመንገድ ዳሩን እንጂ የአምባውን ሁሉ ታሪክ አይናገርም።

ጭላዳ ዝንጀሮ ስትቆጥሩ ደግሞ ይህችን አትርሱ። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ጠዋት ተራ በተራ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ጥቂት ይሞቃል፤ ከዚያ ሣሩ ላይ ይበተናል። ከተበተነና ከሌላ መንጋ ከተቀላቀለ በኋላ አንዱን ሁለቴ መቁጠር አይቀርም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሲወጣ ቁጠሩት። ሌላ ጓደኛችሁም በዚያው ሰዓት ቀጣዩ አፋፍ ላይ ይሁን።

መቸኮል

ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ጭላዳዎችን ለረጅም ጊዜ ሲከታተሉ ያላሰቡትን አገኙ። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋው መሀል ሳይነኩ፣ ሳይነካኩ ይውላሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በጭላዳ መሀል ሆነው አይጥ ለመያዝ ካደረጉት ሙከራ 67 በመቶው ተሳክቷል፤ ብቻቸውን ሲያድኑ የተሳካው 25 በመቶ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሄዱት ይህን ሊቆጥሩ አልነበረም። እንስሳቱ ሰዎቹን እስኪለምዱ ድረስ ዝም ብለው ስለተቀመጡ ነው ያዩት።

አገሬውን ሰው "ስጋት" ከሚለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ማስገባት

እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የጥናት ቅጾቻችን ላይ አንድ ሳጥን አለ፤ ግጦሽ፣ ማገዶ፣ እርሻ፣ ሰው። ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል።

መንዝን ተመልከቱ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ይውላል። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃ ይመርጣሉ፤ አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልቀረም፤ ከአዲሱ አስተዳደር ጋር የሚሄድ የራሱን ኮሚቴና ደንብ አወጣ። ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ይህን ታሪክ በጥናት ባይመዘግቡት ኖሮ ጓሳ ለምን እንደተረፈ በወጉ የሚያስረዳን አልነበረም። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያ ያሉት ሰው ስለሌለ ሳይሆን ሰው ስለጠበቃቸው ነው።

ስለዚህ መጠይቅ ይዛችሁ ስትሄዱ "ምን ታጠፋላችሁ?" የሚል ይዘት ያላቸውን ጥያቄዎች ቀንሱ። ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል፣ ሲጣላ ማን ያስታርቃል፣ እነዚህን ጠይቁ። ከአባወራው ጋር ብቻ አውርታችሁ አትመለሱ፤ እንጨት የምትለቅመውና ውኃ የምትቀዳው እማወራ የምታውቀው ሌላ ነው።

የሚታየውን ጠላት ብቻ ማሳደድ

በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ናቸው። እንግዳ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ጠብመንጃ ነው። ባሌ ውስጥ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003 እና በ2008 ቀበሮዎቹን የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የሚመጣውም ከብት ከሚጠብቁ ውሾች ነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ የመንደር ውሾች የሚከተቡት፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። የሞተ እንስሳ ስታገኙ ፎቶ አንስታችሁ አትለፉ፤ በባዶ እጃችሁም አትንኩት። ቦታውን መዝግባችሁ ወዲያው ለፓርኩ የእንስሳት ሐኪም አሳውቁ። እናንተም ከመውጣታችሁ በፊት ተከተቡ።

ውጤቱን ይዞ መጥፋት

የትብብር ደብዳቤ ከዞን ወረዳ፣ ከወረዳ ቀበሌ ያደርሳል። ወደ ኋላ የሚመለስ ወረቀት ግን ብርቅ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ያ በብርድ አብሯችሁ ያደረ ስካውት ምን እንደተገኘ ሳይሰማ ይቀራል። ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጥሬ ዳታውንና ካርታውን ስጡ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ሁለት ገጽ ጻፉ። የስካውቱ ስም እሱ ከፈቀደ ጽሑፉ ላይ ይግባ። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም ሄዳችሁ በቃል አስረዱ። "በጎቻችንን የሚፈጀውን ጅብ ለምን አልቆጠራችሁም?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ማስታወሻ ደብተራችሁን አውጡና በስንት በረት፣ በየትኛው ወር፣ ስንት በግ እንደተበላ እዚያው ጠይቃችሁ መዝግቡ።