ኬሪሰንን ነርቭ ሳይጎዱ መጠቀም

በወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና የጠበበውን የነርቭ መተላለፊያ ለማስፋት ከእጅ የማይለየው መሣሪያ ኬሪሰን የሚባለው የአጥንት መቁረጫ ነው። ነርቮቹን የሚሸፍነውን ዱራ የመቅደድ አደጋም ከእርሱው ጋር ይመጣልና፣ ሬዚደንቶች በሲኒየር ሐኪም እየታዩ አያያዙን ቀድመው ቢያጠሩ ይበጃል።

የኬሪሰን ጫፍ ከአጥንቱ ሥር የሚገባ ቀጭን እግር ያለው ሲሆን፣ መያዣው ሲጨበጥ ከላይ የሚንሸራተተው ስለት አጥንቱን ከእግሩ ጋር አጣብቆ ይቆርጠዋል። አደጋው ያለው በማይታየው በእግሩ በኩል ነው። ስለዚህ አስቀድመው ፔንፊልድ ቁጥር 4 በተባለው ቀጭን ማላቀቂያ መሣሪያ ከአጥንቱና ከቢጫው ጅማት ሥር በቀስታ እየዳሰሱ የተጣበቀውን ያላቁ፤ ፔንፊልድ በነፃነት ያልገባበት ቦታ ኬሪሰንም አይግባ። እግሩን ካስገቡ በኋላ ወደ ነርቩ ሳይጫኑ ወደ ላይ ከአጥንቱ ጋር ያስጠጉት፣ አቅጣጫውንም ከነርቩ ሥር አካሄድ ጋር ያስተካክሉ፤ ከዚያም ስለቱን ቀስ ብለው ዘግተው ለአፍታ ይቁሙ። ሲያነሡት አብሮ የሚሳብ ነገር ከተሰማዎት አይጎትቱ፤ ከፍተው ይልቀቁትና እንደገና ያላቁ። ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ በጣም በጠበበ ቦታ 4 ሚሊ ሜትሩን ትቶ በ1 ወይም በ2 መጀመር ጊዜ ቢወስድም አያስቆጭም። ወፍራም አጥንት ሲገጥም ዳይመንድ ጫፍ ባለው ድሪል አስቀድሞ ማሳሳት ይቻላል፣ ግን ሙቀቱ ነርቭ ስለሚጎዳ ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) ሳይቋረጥ ይፍሰስበት።

ከነርቭ አጠገብ ደም ለማቆም ኤሌክትሪኩ በታካሚው አካል የሚያልፈውን ሞኖፖላር መተኮሻ ሳይሆን፣ በሁለት ጫፎቹ መካከል ብቻ የሚያልፈውንና ኃይሉ ዝቅ ያለውን ባይፖላር ይጠቀሙ። የነርቩን ሥር ገለል አድርገው ከያዙም በየመሃሉ ይልቀቁት። ይህ ለታችኛው ወገብ ብቻ ነው፤ የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ስለሆነ፣ በደረትና በአንገት በኩል ሕብለ ሰረሰሩን ገፍቶ መያዝ አይሞከርም።

የጡንቻን ምልክት የሚያነበው ኢኤምጂ ካለ ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት እየሠራ ከሆነ ማሽኑ ዝም ይላል፣ ዝምታውም ነርቩ ደህና እንደሆነ አስመስሎ ያሳስታል። የጎበጠ አከርካሪ በብረት በሚቃናበት ጊዜ የነርቭ መከታተያ ማሽን ከሌለ ደግሞ ስታኛራና ባልደረቦቹ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት የማንቃት ፈተና አለ፤ ለታካሚው በዋዜማው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፣ በቀዶ ሕክምናው መሃል ማደንዘዣው ይቀነስና መጀመሪያ እጁን እንዲጨብጥ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም እግሮቹን እንዲያንቀሳቅስ ይጠየቃል። እጁን ጨብጦ እግሩን ካላንቀሳቀሰ የተወጠረው ብረት ወዲያውኑ ይላላል።