የሐዋሳ ሐይቅ የማለዳ ጭጋግ ፎቶ ላይ አመድ ሲመስል

ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ከዛፎቹ ሥር ሆኜ ያነሣሁት ሁሉ ጭጋጉ አመድማ፣ ውሃውም የደፈረሰ ይመስል ነበር፤ ፎከሱም ወዲያ ወዲህ እያለ አልይዝ አለ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) መጨመር ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) እንጂ ብርሃን አላመጣም፤ በአውቶ ካሜራው ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ያፈጥነዋላ። ላይትሩም (የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም) ላይ ዲሄዝ የሚባለውን ጭጋግ መቀነሻ መጎተት ደግሞ ጭጋጉን ራሱን አጠፋው (ለእሱ አይደል እንዴ በሌሊት የተነሣነው!)።

የሠራው ይኸው፦ ካሜራው ነጩን ጭጋግ ወደ ግራጫ ስለሚጎትተው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን (ካሜራው የመረጠውን የብርሃን መጠን መጨመሪያና መቀነሻ) +1፣ ጭጋጉ ሲወፍር +1.3። ሂስቶግራሙ (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያሳየው ግራፍ) ወደ ቀኝ ይጠጋ እንጂ ጠርዙን አይንካ። ፎከስ በአንድ ነጥብ፣ የዛፉ ጥቁር ግንድ ከነጣው ውሃ በሚለይበት ጠርዝ ላይ፤ አንዴ ከያዘ ወደ ማንዋል። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ)፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን)፣ ሮው (ያልተጨመቀ ጥሬ ፋይል)። ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ብቅ ስትል ግን +1 ሰማዩን ያቃጥለዋል፤ ወዲያው ወደ 0 መልሱት።