የልጅነት ተረት መጽሐፍ ሲበጣጠስ እንዴት ይጠገናል?

ለልጆች የሚታተሙ ስስ የተረት መጻሕፍት አብዛኞቹ ወገባቸው የተያዘው በሁለት የስቴፕለር ሽቦ ነው። የጎንደርን ክረምት እርጥብ ግድግዳ ተደግፈው ካሳለፉ ሽቦው ይዝጋል፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበላና የመሃሉ ቅጠል ይወልቃል። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥፋት የሚያመጣው ሰው ነው፦ ፕላስተር። ለጊዜው ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ላስቲኩም ደርቆ ይረግፋል። ነጩ ኮላ ደግሞ አንዴ ከደረቀ በቀላሉ አይለቅም። የዱቄት ማጣበቂያ ግን በእርጥበት ስለሚለቅ፣ ነገ ሌላ ሰው እንደገና ሊጠግነው ይችላል።

መጽሐፉን በወገቡ አቁመው ይልቀቁት። በራሱ የሚከፈትበት ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ «ድገሙልኝ» እያለ ያስነበበው ተረት ነው። በብዛት የሚጎዳውም እሱ ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ። በጠማማ ፊደል የተጻፈ ስም ወይም በከለር የተቀባ ጅብ ቢያገኙ ላጲስ አያስነኩት፤ ያ ከጠፋማ አዲስ መግዛት ይሻል ነበር። ቀለሙ በውሃ የሚለቅ መሆኑን ግን በረጠበ ጥጥ ጫፍ ነካ አድርገው አስቀድመው ይፈትኑ።

ለማጣበቂያው 1 የሾርባ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት በ5 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፤ ጓጎላ እንዳይኖረው ያጥልሉት። በዝግታ እሳት ሳያቋርጡ እያማሰሉ እስኪወፍርና ነጭነቱን እስኪለቅ ያብስሉት፤ ከዚያ ያቀዝቅዙት። ከሁለት ቀን በላይ አያስቀምጡት፤ ይሻግታል። በሐምሌና በነሐሴ ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል፤ የተለጠፈው ሳይደርቅ ሻጋታ ይቀድመዋል።

አሮጌውን ሽቦ ከመሃል ገጹ በኩል እግሮቹን በቢላ ጀርባ ካቀኑ በኋላ ያውጡት። እግሮቹ ሳይቀኑ ከውጭ ከሳቡት ወረቀቱን ይዞ ይመጣል። ለተቀደደው እጥፋት በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ስስ ነጭ ወረቀት ይበቃል። 1.5 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቁራጭ በእጅ ይቅደዱ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ በሌላው ገጽ ላይ መስመር ሆኖ ያስታውቃል። ማጣበቂያውን በስሱ ቀብተው በእጥፋቱ ውጭ በኩል ይለጥፉ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ያናፍሱት። ከዚያ በንጹህ ወረቀት መካከል አድርገው ክብደት ይጫኑበትና እስከ ነገ ይተዉት። ወረቀቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይለውጡ፤ ካልተለወጠ እርጥበቱ ገጹን ያጨማድደዋል።

ሲደርቅ ወደ ስፌቱ ይለፉ። ጠንካራ የጥጥ ክር፣ የመጽሐፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ተኩል አድርገው ይቁረጡና በጧፍ ላይ ሁለት ሦስቴ ይሳቡት፤ ሰሙ ክሩ እንዳይቋጠርና እንዳይላላ ያደርገዋል። ከዝገቱ ቀዳዳ ራቅ ብለው በወስፌ ሦስት ቦታ ይብሱ፦ አንዱን መሃል ላይ፣ ሁለቱን ከላይና ከታች ከጫፉ 3 ሴ.ሜ ገባ ብለው። መርፌው ከውስጥ በመሃሉ ቀዳዳ ይወጣል፤ በላይኛው ይገባል፤ መሃሉን ዘሎ በታችኛው ይወጣል፤ በመሃሉ እንደገና ይገባል። ሁለቱ የክር ጫፎች ከረጅሙ ስፌት ግራና ቀኝ ሲውሉ ይቋጥሯቸው። ክሩን የሚያጠብቁት በወገቡ አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላይ ከሳቡት ቀዳዳው ይተረተራል።

ሽፋኑ ከለቀቀ 4 ሴ.ሜ ስፋት ያለው አቡጀዲ ወገቡ ላይ ለጥፈው በማንኪያ ጀርባ ይዳምጡት። ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ሲገዙ ትንሽ ተርፎ ከሆነ ከረጢት ይስፉለት። ዳዊት በማኅደር ተከቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አቧራና አይጥ አያገኘውም። ዱቄት የነካው መጽሐፍ ደግሞ በረሮ ይጠራል፤ ስለዚህ ከማድቤት ያርቁት።

ቀድሞ ፕላስተር የተለጠፈበት ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ለስለስ ባለ ሙቀት አሙቀው፣ ፕላስተሩን ወደ ራሱ አጥፈው ቀስ ብለው ይላጡት። ቢጫው እድፍ አይለቅም። በቤንዚን ላስለቅቀው ያለ ሰው ሥዕሉን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል።